አልታዘዝ ያለ ቀኝ እጅ

ሬዲዮ የምንለው ፀጉር አስተካካይ ነው። ስሙን ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ተቆርጦ እስኪነሳ ድረስ ወሬው አይቋረጥምና። እኔ እሱ ዘንድ መቆረጥ ከጀመርኩ ዐሥራ ስምንት ዓመት አልፎኛል። ፀጉር ቤቱ ከመድኃኒት ቤትና ከጫማ መደብር መሃል የተሰነቀረ ጠባብ ክፍል ነው፤ ሦስት ወንበር፣ ግድግዳውን የሸፈነ አንድ ረጅም መስታወት፣ ጥግ ላይ የእጅ መታጠቢያ። በመስኮቱ በኩል ያለው ወንበር የሬዲዮ ነው፤ ሁለቱን አብረውት የሚሠሩት ሰዎች ይዘዋቸዋል። እነሱ በማሽን ይጀምራሉ፣ በማሽን ይጨርሳሉ። ሬዲዮ ግን የሚጨርሰው በመቀስ ነበር። አፉ ስለ ኳስ ሲከራከር እጁ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ለብቻው ሥራውን ይሠራል፤ አንድ ቀን እንኳ ሲስት አላየሁትም።

ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ወሬው መሃል ላይ ቃላቱ ተምታቱበት። የሚቆረጠው ሰውዬ ቀልድ መስሎት፣ “ምነው ሬዲዮ፣ ባትሪ ጨረስክ እንዴ?” ብሎ ሳቀ። መቀሱ መሬት ላይ ሲወድቅ ግን ቀና ብሎ መስታወቱን አየ። የሬዲዮ የፊቱ ቀኝ በኩል ወደ ታች ወርዷል። እሱም ራሱን በዚያው መስታወት እያየ ነበር።

ስትሮክ ነው አሉት። በግራ በኩል ያለው የአንጎሉ ክፍል ላይ ደም ረግቶ ነበር፤ የግራው ደግሞ ቀኙን ነው የሚያዝዘው። አንደበቱ በሦስት ሳምንት ተመለሰ። እግሩም እየጎተተ፣ እያነከሰ፣ በኋላም ያለ ምርኩዝ መሄድ ጀመረ። ቀኝ እጁ ግን ጭኑ ላይ እንዳስቀመጡት ቀረ። ጣቶቹ ወደ ውስጥ ተኮርምተዋል። ክፈት ሲላቸው አይከፈቱም፤ ሲያዛጋ ግን በራሳቸው ጊዜ ይዘረጋሉ። “ሲያዛጋኝ የሚሰማ፣ ሳዝዘው የማይሰማ እጅ አይተህ ታውቃለህ?” ይለኝ ነበር። ይህን ሁሉ የነገረኝ ራሱ ነው፤ ከፊሉን እቤቱ ሄጄ ስጠይቀው፣ ከፊሉን ወደ ሥራ ከተመለሰ በኋላ።

ማገገሚያው የሆስፒታሉ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ሰፊ አዳራሽ፣ ለመራመድ የሚደገፉባቸው ሁለት ረጃጅም የብረት ዘንጎች፣ የላስቲክ ኳሶች፣ የመድኃኒት ሽታ። ፊዚዮቴራፒስቷ ነጭ ስኒከር የምታደርግ፣ አንገቷ ላይ የሰዓት መቁጠሪያ የምታንጠለጥል ወጣት ናት። ሬዲዮ ፊት ዘጠኝ ቀዳዳ ያለው ጣውላና ዘጠኝ ትናንሽ የእንጨት ችካል ታስቀምጥለታለች። ችካሎቹን አንድ በአንድ አንስቶ ቀዳዳው ውስጥ መክተት፣ ከዚያ መልሶ ማውጣት ነው። “ሕፃን የሚጫወትበት ነገር” አላት በመጀመሪያው ቀን። በዚያን ቀን አንድም ችካል አላነሳም።

እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ከጎኑ፣ አንድ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ይቀመጥ ነበር። ሹፌሩና ሬዲዮ የታመሙት በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው። በዕድሜም ቢበላለጡ በአንድ ዓመት ነው። የሁለቱም ቀኝ እጅ ነው የተያዘው፤ በመጀመሪያው ቀን ሁለቱም ዜሮ ነው ያመጡት። ሹፌሩ ሳቂታ ሰው ነው። “አንተ መቀስህን፣ እኔ መሪዬን፤ ማን ይቀድማል?” ብሎ ቀኝ እጁን በግራ እጁ አንስቶ የሬዲዮ ቀኝ እጅ ላይ አሳረፈው። ሁለት የማይሠሩ እጆች ተጨባበጡ።

በሁለት ወሩ ሹፌሩ ዘጠኙን ችካል በአርባ ሰከንድ ከተታቸው። ሬዲዮ ሦስተኛው ላይ እያለ ሰዓቱ አለቀ።

“በርታ ጋሼ፣ ሦስት እኮ ትልቅ ነገር ነው” አለችው ፊዚዮቴራፒስቷ።

“ትልቅ ከሆነ ለምን እሱ ዘጠኝ አመጣ?”

የሰዓት መቁጠሪያዋን ወደ ዜሮ መለሰች።

እቤት ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበር። ሚስቱ የሒሳብ አስተማሪ ናት። ጎበዝ ሴት ናት፤ በሆስፒታሉ ወንበር ላይ ዐሥራ አንድ ቀን ያደረችለት እሷ ነች። ግን ማንኛውም ነገር ደረጃ በደረጃ ከተሠራ መልሱ ይመጣል ብላ ነው የምታምነው። ማቀዝቀዣው በር ላይ በእስክሪብቶ የተሰመረ ሠንጠረዥ ለጠፈች፤ ቀን፣ የልምምድ ዓይነት፣ ስንት ጊዜ። ፎጣ መጭመቅ ሁለት መቶ ጊዜ። የልብስ መቆንጠጫ መክፈት ሁለት መቶ ጊዜ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ሠንጠረዡን ታያለች።

“መቶ ስልሳ ነው የሞላኸው።”

“ደከመኝ።”

“ሹፌሩ ሦስት መቶ ነው የሚሠራው አላልከኝም?”

እዚህ ላይ ሬዲዮ እርር ድብን ይላል። ሁለት መቶውንም የሠራባቸው ቀናት ነበሩ። ሁለት መቶ ሃምሳ ሠርቶ ላብ አጥምቆት ሶፋው ላይ የወደቀበት ቀን ነበር። በማግሥቱ እጁ ያው ነው። ሊጠይቁ የሚመጡት ሰዎች ደግሞ ሁሉም የሚያውቁት አንድ ሰው አላቸው፦ የእገሌ አጎት በስትሮክ ተይዞ በሦስት ወሩ ተነስቶ ሩጫ ጀመረ። “ዋናው ሞራል ነው” ይሉታል። “ሞራል ነው ብሎ የሚመክረኝ ሰው ሁሉ ሁለት እጅ ነበረው” አለኝ ሬዲዮ።

አንድ ጠዋት የሸሚዙን ቁልፎች ለብቻዬ እቆልፋለሁ ብሎ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሃያ ሁለት ደቂቃ ፈጀበት። አራት ቁልፍ ቆለፈ፤ አምስተኛው ላይ ሚስቱ ለሥራ እየተጣደፈች በአጠገቡ ስታልፍ፣ ሳታስበው ጎንበስ ብላ ቀሪዎቹን ሁለት ቁልፎች ጠቅ ጠቅ አድርጋ ቆለፈችለት። ጮኸባት። ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸባት። ከዚያ ሸሚዙን በግራ እጁ ጎትቶ ሲያወልቀው ቁልፎቹ ተበጣጥሰው ወለሉ ላይ ተንከባለሉ። እሷም ተንበርክካ ለቀመቻቸው። ክፍል ገብታ ማስተማር ነበረባት፤ ዓይኗ ቀልቶ ነው የሄደችው።

በሦስተኛው ወር የማገገሚያውን ሕሙማን የምትከታተለው የአንጎል ሐኪም ጥናት እየሠራች እንደሆነ ነገረቻቸው። አንጎል ሲጎዳ የተረፉት ሴሎች አዲስ ግንኙነት መፍጠር አለባቸው፤ ሰውነት ለዚህ የሚያግዝ አንድ ፕሮቲን ይሠራል። ፕሮቲኑ እንዴት እንደሚሠራ የሚያዝዘው ጂን ደግሞ ከሰው ሰው ትንሽ ይለያያል። “ረጅም ደብዳቤ ውስጥ አንዲት ፊደል ተቀይራ እንደማለት ነው” አለች። “ያቺ ፊደል የማገገም ፍጥነት ላይ ለውጥ ታመጣ እንደሆነ ነው የምናየው። ፈቃደኛ ከሆናችሁ ደም እንወስዳለን። ውጤቱን ማወቅ የሚፈልግም ይነገረዋል።”

“ውሰጂ ዶክተር፤ እስካሁንስ ማን አስፈቅዶኝ ቀዳ?” አለ ሹፌሩ እጅጌውን እየሰበሰበ። ሬዲዮም ፈረመ። በግራ እጁ ስለፈረመ ፊርማው የአንደኛ ክፍል ተማሪ ጽሑፍ መሰለ።

ውጤቱ የመጣው ከአምስት ወር በኋላ ነው። ሐኪሟ ሬዲዮን ቢሮዋ አስገብታ በር ዘጋች። የተቀየረችው ፊደል እሱ ላይ እንዳለች ነገረችው። “ይህ ያለባቸው ሰዎች የእጅ ሥራ መልሰው ሲማሩ በአማካይ ቀስ ይላሉ የሚሉ ጥናቶች አሉ። ልዩነት አላገኘንም የሚሉም አሉ። ብዙ ጤነኛ ሰዎችም ይህቺው ፊደል አለቻቸው። በዚህ ወረቀት ብቻ ስለ አንድ ሰው መናገር አይቻልም። ይህን አደራ እንዲረዱልኝ።”

ሬዲዮ የሰማው “ቀስ ይላሉ” የሚለውን ብቻ ነበር። “ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። ብሰማም አልፈልገውም ነበር” ብሎኛል።

እቤት እንደገባ ወረቀቱን ማቀዝቀዣው ላይ፣ ልክ ሠንጠረዡ ላይ ደርቦ ለጠፈው። ሚስቱ ስትመጣ ቆሞ ጠበቃት።

“ይኸውልሽ። ስንፍና አይደለም። ደሜ ነው።”

አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ከዚያ ከነወረቀቱ ሠንጠረዡን ነቅላ፣ አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። “ይቅርታ” አለች። ሬዲዮ ይህን ይቅርታ ለስምንት ወር ሲጠብቀው ነበር። ሲያገኘው ግን የጠበቀውን ያህል አላስደሰተውም።

የባሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልምምዱን ተወ። ከማገገሚያውም ቀረ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥን አየ። ሚስቱ መጀመሪያ ታገሠች፤ በኋላ ትዕግሥቷ አለቀ።

“ቀስ ይላል ነው የሚለው፤ አይሠራም አይልም።”

“ምን ላድርግ? ጂን ላይ ሁለት መቶ ጊዜ ልለማመድ?”

“ታዲያ እንዲህ ሆነህ ልትቀር ነው?”

“አዎ!”

ሶፋው ላይ ተጋድሞ ሳለ ግን አንድ ነገር ይከነክነው ጀመር። ሐኪሟ ፊደሏ ከእናት ወይም ከአባት እንደምትወረስ ነግራው ነበር። እናቱ፣ እሱ የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ሳለ፣ በዚሁ በሽታ ተይዛ ነበር። አራት ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጣ ኖራ ነው የሞተችው። ያኔ ሬዲዮ አዲስ ሥራ የጀመረ፣ ጉልበቱ የማያልቅ ሰው ነበር። ወንበሯ አጠገብ ቆሞ፣ “እማ፣ አንቺ እኮ መዳን አትፈልጊም፤ ተቀምጠሽ መጦር ነው የፈለግሽው” ብሏታል። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም። ስንት ጊዜ እንዳላት አያስታውስም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ተነስቶ ታላቅ እህቱ ዘንድ ሄደ። እናታቸውን እስከ መጨረሻው ያስታመመቻት እሷ ናት። ልብስ እየተኮሰች ነበር ያገኛት። እግሩን እየጎተተ ገብቶ ተቀመጠና የወረቀቱን ነገር ነገራት።

“እትዬ፣ እማ ምናልባት እንደኔ ሆና ይሆናል። እኔ ግን ሰነፍሽ አልኳት።”

እህቱ ካውያውን አቆመች። “ወንድምዓለም፣ እማ ትሞክር ነበር እኮ።”

“መቼ? አንድ ቀን አላየሁም።”

“አንተ ሥራ ስትሄድ ነዋ። ብርጭቆ በቀኝ እጇ ለማንሳት ትታገል ነበር። ስንት ብርጭቆ እንደሰበረች ታውቃለህ? እኔ ነኝ የሰበርኩት እያልኩ ነው አንተ ስትቆጣኝ የነበረው።”

“ለምን አልነገርሽኝም?”

“አትንገሪው ብላኝ። ሞክሬ እንዳቃተኝ ከሚያይ አልሞከረችም ቢለኝ ይሻላል አለች።”

እህቱ ሸሚዝ አንስታ መተኮስ ቀጠለች፤ የሬዲዮን ዓይን እንዳታይበት ብላ ይመስለኛል። ሲነሳ ግን፣ “ከአባባም ወርሰኸው ሊሆን ይችላል፤ አሁን ማንን ትጠይቃለህ?” አለችው። ይሄ ነገር ነው ከሁሉ በላይ ያቃጠለው። ጥፋተኛ መሆኑን እንኳ በቅጡ ማወቅ አይችልም።

በማግሥቱ ወደ ማገገሚያው ተመለሰ። ሹፌሩ ለክትትል መጥቶ ኮሪደሩ ላይ አገኘው። በአውቶቡስ ዴፖው ቢሮ ውስጥ ሥራ ጀምሯል፤ መንዳት ገና አልተፈቀደለትም እንጂ እጁ ከሞላ ጎደል ተመልሷል። ሬዲዮ ወረቀቱ የሚለውን ነገረው። በልቡ፣ “አንተማ ደምህ ንጹሕ ነው” ሊለው ነበር የፈለገው።

“የእኔንም ልከውልኛል፤ አልከፈትኩትም” አለ ሹፌሩና ከኮቱ ኪስ የተጣጠፈ ፖስታ አወጣ። በሁለት እጁ ቀደደው። ሬዲዮ ሁለቱ እጆች ፖስታውን ሲቀድዱ ነበር የሚያየው። ሹፌሩ ወረቀቱን ዘርግቶ አየ፣ ግንባሩን ቋጠረ፣ ከዚያ ለሬዲዮ ሰጠው።

ያችው ፊደል ናት። ልክ የእሱ።

“ከእኔ ጋር አንድ ነው!” አለ ሬዲዮ። ኮሪደሩ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ዞረው አዩት። ሹፌሩ የሆነ ነገር እያለው ሳለ ትቶት ደረጃውን ወጣ። ቀጠሮ የለውም፤ የሐኪሟን በር በግራ ክርኑ ገፍቶ ገባ።

“ዶክተር፣ ሹፌሩም አለበት።”

“የሌላ ታካሚ ውጤት ልነግርዎት አልችልም።”

“ራሱ ነው ያሳየኝ! እሱ ላይ ካለ፣ እሱም ከዳነ፣ ታዲያ ይሄ ወረቀት ምኑ ነው?”

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። “ከብዙ ነገሮች አንዱ ነው። የእርስዎን የአንጎል ፎቶ አይተነዋል፤ ጉዳቱ ከአንጎል ወደ እጅ የሚወርደውን ዋና መንገድ መትቶታል። ሌላ ሰው ላይ መንገዱ ሊተርፍ ይችላል። ዕድሜ አለ፣ እንቅልፍ አለ፣ የደም ግፊት አለ፣ ገና ያላወቅናቸው ሌሎች ጂኖችም አሉ።”

“እሺ፤ እኔን ያዘገየኝ የትኛው ነው?”

“አላውቅም።”

“እንዲህ በቀላሉ አላውቅም?”

“በቀላሉ አይደለም ጋሼ። እስከ ዛሬ ይህን ለአንድ ሰው ለይቶ መናገር የሚችል ሐኪም የለም። አውቃለሁ ብዬ ልዋሽዎት?”

“በዚያን ቀን ብትዋሸኝ ደስ ይለኝ ነበር” አለኝ ሬዲዮ። “እግዚአብሔር ያሳይህ፤ መጀመሪያ ሰነፍ ተባልኩ፣ ከዚያ ደምህ ነው ተባልኩ፣ ከዚያ ደግሞ ደምህም ላይሆን ይችላል ተባልኩ። የምሰድበው ነገር እንኳ አጣሁ።”

ቢሆንም ልምምዱን ቀጠለ። ለምን እንደቀጠለ ስጠይቀው፣ “ሶፋው ሰለቸኝ” ከማለት ሌላ ምክንያት አልሰጠኝም። ፊዚዮቴራፒስቷ አሠራሩን ቀየረችለት፤ ሁለት መቶውን በአንዴ መወጣት ቀርቶ፣ ሃያ ሃያ እያደረገ፣ በመሃል እያረፈ፣ በቀን ብዙ ጊዜ። ይህ ይሻላል ወይ ሲላት፣ “እንሞክረው” ነበር መልሷ። ሚስቱም ከዚያ ወዲህ ምንም አትቆጥርም። አለመቁጠር ለእሷ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል፤ እሱ ሲለማመድ ወጥ ቤት ገብታ የተማሪዎቿን ደብተር ታርማለች። አንዳንዴ ግን ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ያያታል። ያኔ ሁለቱም ይኮራረፋሉ፤ ከሰዓታት በኋላ ይታረቃሉ።

በግራ እጁ ማሽን መያዝ ሲለማመድ ጭንቅላቱን ያዋሰው ሹፌሩ ነው። “ቁረጥ፤ ይበቅላል” ብሎ ሬዲዮ ቤት ሄዶ ወንበር ላይ ተቀመጠለት። ከሦስት ቅዳሜ በኋላ የሹፌሩ ራስ ከብት የጋጠው ሣር መስሎ ነበር። ዴፖ ውስጥ ሲስቁበት፣ “የሚቆርጠኝ ሰው ተለማማጅ ነው፤ ሃያ ስምንት ዓመት ልምድ አለው” ይላቸዋል አሉ።

አሁን ሬዲዮ ሰባት ችካል ይከትታል። ማበጠሪያ በቀኙ ይይዛል። መቀስ አይይዝም፤ ጣቶቹ መቀሱን መዝጋቱን እሺ ይላሉ፣ መክፈቱን ግን እምቢ። በሳምንት ሦስት ቀን ወንበሩ ላይ ይሠራል፤ ሌላውን ቀን ከጎኑ ያሉት ይሠሩበታል። ከድሮ ደንበኞቹ ግማሹ ወደ ሁለቱ ዞረዋል። አይወቅሳቸውም፤ ግን ሲገቡ ሰላምታቸውን የሚመልሰው ቀና ሳይል ነው።

ባለፈው ወር ሄጄ እሱ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ፎጣውን አንገቴ ላይ ለማሰር ብዙ ቆየ። በግራው ማሽን፣ በቀኙ ማበጠሪያ ይዞ ጀመረ። ማበጠሪያው ወደቀ። አነሳ፣ አጠበ። ትንሽ እንደሠራ እንደገና ወደቀ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲወድቅ በእግሩ መታው፤ ማበጠሪያው ከእጅ መታጠቢያው ሥር ገባ። ከዚያ ማሽኑን አጥፍቶ ወጣና መንገዱ ዳር ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። ግማሽ ራሴ ተቆርጦ፣ ግማሹ እንዳለ ተቀምጫለሁ። የጎን ወንበሩ ላይ ያለው ሠራተኛ በዓይኑ፣ ልጨርስልህ ወይ ሲለኝ ራሴን ነቀነቅኩ፤ አይሆንም።

ሬዲዮ ተመለሰ። ተንበርክኮ ማበጠሪያውን ፈልጎ አወጣ፣ በሳሙና አጠበው፣ ጀመረ። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀብን። ወረፋ የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ተነስተው ሄዱ። በዚህ ሁሉ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ሲጨርስ ትንሹን መስታወት ከኋላዬ ያዘልኝ።

“ቅር የሚልህ ነገር አለ?”

አየሁት። በቀኝ ጆሮዬ በኩል ትንሽ ከፍ ብሏል።

“ምንም ቅር አላለኝም” አልኩት።

“እኔን ግን ቅር ብሎኛል” አለና ፎጣውን ፈትቶ በግራ እጁ አራገፈው።